ካውቦይ ቢቦፕ፦ አሮጌው መጪ ዘመን ለምን አላረጀም?

በኤፕሪል 2025 «ላዛረስ» የተሰኘው አዲስ የጃፓን አኒሜ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ አደልት ስዊም መታየት ሲጀምር ንጽጽሩም አብሮ ተጀመረ። ዳይሬክተሩ ሺኒቺሮ ዋታናቤ ነው። በ1998 «ካውቦይ ቢቦፕ» የተሰኘውን የጠፈር ታሪክ አኒሜ የሠራው እርሱ በመሆኑ፣ አዲሱ ሥራ የቱንም ያህል ቢለፋበት በአሮጌው ሚዛን ላይ መቀመጡ አይቀርም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአኒሜ ተመልካቾች ንግግር ውስጥ ሁለት ሐሳቦች ተደባልቀው ይሰማሉ። አንዱ «ካውቦይ ቢቦፕ ያምራል እንጂ ታሪክ የለውም፤ የቀረው ትዝታ ነው» ይላል። ሌላው ያንን ማማር ዛሬ ባለው ገንዘብና ቴክኖሎጂ እንደገና መሥራት የማይቻልበት ምክንያት አይታየውም። የሚቃረኑ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው። ሁለቱም ቅጡን በታሪኩ ላይ እንደተደረበ ካባ ያዩታል፤ ሲፈልጉ የሚያወልቁት፣ ሲፈልጉ ለሌላ የሚያለብሱት። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ቅጡ ራሱ የታሪኩ መንገሪያ መሆኑን ነው። ሰዎቹ በአፋቸው የማያወጡትን ሙዚቃው፣ የመርከቧ ዝገትና የምግቡ ማነስ ይናገሩታል። ይህን ካልያዝን ኔትፍሊክስ በ2021 ታሪኩን በተዋንያን እንደገና ለመሥራት ያደረገው ሙከራ ለምን እንደወደቀም፣ ላዛረስ ለምን እንደሚያከራክርም አይገባንም።

ቃላቱን እናጥራ

አኒሜ «አኒሜሽን» ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነው። ጃፓኖች ማንኛውንም የሥዕል ፊልም በዚህ ስም ይጠሩታል፤ ከጃፓን ውጭ ግን ቃሉ የሚውለው የእነርሱን ሥራ ከሌላው ለመለየት ነው። «ካውቦይ» በዚህ ታሪክ ውስጥ ከብት ነጂ አይደለም። ፖሊስ ያልደረሰባቸውን ተፈላጊ ወንጀለኞች እያደነ ወሮታ የሚቀበል ሰው ነው። «ቢቦፕ» ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ የሚኖሩባት መርከብ ስም ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የጃዝ ስልት ስም ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ ሃርለም፣ ሚንተንስ ፕሌይሃውስን በመሰሉ ክበቦች ውስጥ እነ ዲዚ ጊለስፒ፣ ቻርሊ ፓርከርና ቴሎኒየስ መንክ ለዳንስ ተለክቶ የተሰፋውን የትልልቅ ባንዶች ጃዝ ትተው ፈጣንና በየምሽቱ የሚለዋወጥ አጨዋወት አወጡ። ዜማው የታወቀ ሊሆን ይችላል፤ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚወስደው ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ይህን ማወቅ ለተመልካቹ ቁልፍ ነው። በተከታታዩ መክፈቻ ላይ ከጀርባ በፍጥነት የሚያልፍ ጽሑፍ አለ፤ አብዛኛው ሰው ሳያነበው ያልፋል። ጽሑፉ በ1941 ሃርለም ውስጥ በተለመደው ጃዝ የተሰላቹ ወጣቶችን ያነሳል፤ ከዚያ ወደ 2071 ዘልሎ ይህ ሥራ ራሱ አዲስ ዘውግ እንደሚሆን ያውጃል። ሃያ ስድስቱ ክፍሎችም የሚጠሩት «ሴሽን» ተብለው ነው፤ ሙዚቀኞች ተሰባስበው ለሚጫወቱበት ጊዜ በሚሰጠው ስም። የእያንዳንዳቸውም ርእስ በአብዛኛው ከብሉዝ፣ ከሮክ ወይም ከጃዝ ዓለም የተወሰደ ነው።

አሻንጉሊት ለመሸጥ የተጀመረ ሥራ

የጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜ ለብዙ ዓመታት የቆመው በስፖንሰር ገንዘብ ነው። የአሻንጉሊት ኩባንያ ሮቦት ወይም መርከብ ያለበት ታሪክ ያሠራል፤ ልጆች ታሪኩን ይከታተላሉ፤ ወላጅ አሻንጉሊቱን ይገዛል። ካውቦይ ቢቦፕን የሠራው ሰንራይዝ ስቱዲዮ በዚህ አሠራር ያደገ ቤት ነው። ዋታናቤ በኋላ እንደተናገረው ከአሻንጉሊት አምራቹ ባንዳይ ኩባንያ የመጣለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ የጠፈር መርከብ ይኑርበት፤ ከዚያ ወዲያ የፈለግኸውን አድርግ።

ያቀረበው ነገር ግን አሻንጉሊት የሚያሸጥ አልነበረም። ዋናው ሰው ስፓይክ ስፒገል የ27 ዓመት የቀድሞ የወንበዴ ቡድን አባል ነው፤ ከአፉ ሲጋራ አይጠፋም። ባልደረባው ጄት ብላክ ፖሊስነቱን የተወ፣ አንድ ክንዱ ብረት የሆነ ሰው ነው። ፌይ ቫለንታይን ለ54 ዓመት በበረዶ እንቅልፍ ቆይታ ስትነቃ ትዝታዋን አጥታ የማትከፍለውን ዕዳ ታቅፋ ቀርታለች። የአሻንጉሊቱ ክፍል እጁን ሲያወጣ ሥራውን ያተረፈው የቪዲዮ ሥርጭቱን የያዘው ባንዳይ ቪዥዋል ነው። በዚህ አጋጣሚ ፊልሙ ከልጆች ገበያ ተላቀቀ። ዋታናቤና ዋናዋ የታሪክ ጸሐፊ ኬይኮ ኖቡሞቶ ድካምን፣ ጸጸትንና ዕዳን የታሪክ መሠረት ለማድረግ የቻሉት ከአሻንጉሊት መደርደሪያ ጋር የሚያስተሳስራቸው ገመድ ስለተበጠሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋጋም ተከፍሎበታል። ቲቪ ቶኪዮ በኤፕሪል 1998 ማሳየት ሲጀምር፣ አመጽ ይበዛበታል በሚል ከ26ቱ ሴሽኖች 12ቱን ብቻ አስተላለፈ። ሙሉው የታየው ከዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ ዋውዋው በተባለው የክፍያ ጣቢያ ነው። በአሜሪካ ደግሞ አደልት ስዊም ሴፕቴምበር 2 ቀን 2001 ሥርጭቱን በከፈተበት ምሽት አቀረበው፤ አኒሜ ለአዋቂም እንደሚሠራ ብዙ አሜሪካውያን የተረዱት በዚህና በጥቂት መሰሎቹ አማካይነት ነው።

ያገለገለ መጪ ዘመን

በሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተለመደው መጪ ዘመን ወይ ያብረቀርቃል፣ ወይ በፍርስራሽ ላይ የሚጨስ ነው። ካውቦይ ቢቦፕ ሁለቱንም አልመረጠም። ትልቁ ጥፋት ታሪኩ ከመጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ደርሶ አልፏል፦ ጨረቃ አጠገብ የተሠራ የጠፈር መተላለፊያ በር ፈነዳ፤ ከጨረቃ የተቆረሰው ድንጋይ በምድር ላይ መዝነብ ጀመረ፤ የተረፈው ሰው ወደ ማርስ፣ ወደ ቬኑስና ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች ተሰደደ። በ2071 ሰዎች ስለ አደጋው አያወሩም። ሥራ ይፈልጋሉ፤ ኪራይ ይከፍላሉ፤ ቡና ቤት ቁጭ ብለው ካርታ ይጫወታሉ።

ዕቃው ሁሉ ያገለገለ ነው። ቢቦፕ ራሷ በፕላኔቶች መካከል የምትሠራ የዓሣ ማስገሪያ መርከብ ነበረች። የስፓይክ አነስተኛ መንኮራኩር የቆየ የውድድር መንኮራኩር ነው። የመርከቦቹ ንድፍ አውጪ ኪሚቶሺ ያማኔ የሣላቸው ነገሮች የተበየዱበትና የተቧጨሩበት ቦታ ይታያል። ተመልካቹ የማያውቀውን ቴክኖሎጂ የሚያምነው ሲጠገን ስላየው ነው።

የመጀመሪያው ሴሽን ይህን ሁሉ በአንድ ምሳ ያስረዳል። ጄት በቃሪያና በበሬ ሥጋ የሚሠራ የቻይና ጥብስ አቀርባለሁ ይላል። ስፓይክ ሳህኑን አይቶ ሥጋው የታለ ብሎ ይጠይቃል። ሥጋ የለበትም፤ ገንዘብ የለማ። በዚህ አጭር ጭቅጭቅ ውስጥ የገንዘብ አቅማቸው፣ የሁለቱ ቅርበትና ለምን አደገኛ ወንጀለኛ ሊያድኑ እንደሚወጡ ሁሉ ይገባናል፤ ተራኪ አላስፈለገም። ወንጀለኛውም በመጨረሻ ገንዘብ ሳያስገኝላቸው ይቀራል፤ ይህ በተከታታዩ ሁሉ የሚደጋገም ዕጣ ነው።

ሌላው ምሳሌ 18ኛው ሴሽን ነው። ለፌይ አንድ አሮጌ የቪዲዮ ካሴት በፖስታ ይደርሳል። ካሴቱ ቤታ ነው፤ በ1980ዎቹ ከቪኤችኤስ ጋር ተፎካክሮ የተሸነፈው የሶኒ ዓይነት። ስፓይክና ጄት ማጫወቻ ፍለጋ ምድር ድረስ ወርደው የተቀበረ ሕንፃ ውስጥ ገብተው ተሸክመው የመጡት መሣሪያ ቪኤችኤስ ሆኖ ይገኛል። ተመልካቹ እየሳቀ ነው። ከዚያ ትክክለኛው ማጫወቻ በሌላ ፖስታ ይመጣል፤ ካሴቱ ሲከፈት የምትታየው ፌይ ራሷ ናት፣ ገና ልጅ፣ ወደፊት ለምትሆነው ሴት በደስታ ማበረታቻ የምትጮህ። የአሁኗ ፌይ ያችን ልጅ አታስታውሳትም። ክፍሉ እዚያ ላይ ያበቃል። መጪው ዘመን እዚህ የሚያገለግለው ያለፈው ምን ያህል እንደራቀ ለማሳየት ነው።

ሙዚቃው ከምስሉ ሲቀድም

በአብዛኛው የፊልም ሥራ ሙዚቃ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምስሉ ይቆረጣል፣ አቀናባሪው የቀረውን ይሞላል። እዚህ ሂደቱ በከፊል ተገልብጧል። አቀናባሪዋ ዮኮ ካኖ፣ ለዚሁ ሥራ ካሰባሰበችው ሲትቤልትስ ባንድ ጋር፣ ዋታናቤ ያላዘዛትን ሙዚቃ ጭምር ትሠራ ነበር። እርሱም ከሰማው ዜማ በመነሣት አዳዲስ ትዕይንቶችን እንዳሰበ ተናግሯል። ውጤቱ በዐይን ይታያል፤ የምስሉ ቆረጣ የሚሄደው በሙዚቀኛ እስትንፋስ ነው። የመክፈቻው ዜማ «ታንክ» የፈጣን ናስ መሣሪያዎች ሩጫ ነው። ብዙዎች ፊልሙን ሁሉ በእርሱ ይገምቱታል፤ ነገር ግን የተከታታዩ ልብ ያለው በዝግተኞቹ ዘንድ ነው።

በ5ኛው ሴሽን ስፓይክ ከቀድሞ ጓደኛው፣ ከአሁኑ ጠላቱ ከቪሸስ ጋር በአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገጥማል። ተኩሱ አጭርና ጨካኝ ነው። ስፓይክ በባለ ቀለሙ መስኮት በኩል ተወርውሮ ሲወድቅ ድምፁ ሁሉ ይጠፋና የሕፃናት የሚመስል መዝሙር ይጀምራል። መስታወቱ አብሮት ይወድቃል፤ በመሃሉ ያለፈ ሕይወቱ ቁርጥራጭ ሆኖ ይታያል፦ ሁለት ጓደኛሞች ጀርባ ለጀርባ ቆመው፣ ደም የነካው ሰው በሌሊት ሲንገዳገድ፣ ፀጉሯ ወርቃማ የሆነች ሴት። ማንነቷ አይነገረንም። ቀጥሎ ስፓይክ በፋሻ ተጠቅልሎ መርከቡ ውስጥ ሲነቃ ፌይ አጠገቡ ዜማ እያንጎራጎረች ነው። ቀረብ በይ ይላትና ዜማውን እንደምታበላሽ ይነግራታል፤ ትራስ ይወረወርበታል።

ድርጊት የሚበዛበት ፊልም ውጊያውን ከፍ ለማድረግ ብዙውን ጊዜ ከበሮ ይጨምራል። እዚህ ግን ውጊያው ከፍ በሚልበት ቅጽበት ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ስለዚህ ተመልካቹ ማን አሸነፈ ከማለት ይልቅ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው ብሎ ይጠይቃል። የመጨረሻው የትራስ ቀልድም በትክክል ተለክቶ የገባ ነው። ሐዘኑ ወደ ልቅሶ ከመፍሰሱ በፊት ይገታዋል፤ ያችን ሌላ ሴትና የእርሷን ዜማ ስፓይክ እንዳልረሳም በዚያው ያሳውቀናል።

የውጊያው አሠራር ራሱ ሊታለፍ አይገባም። ስፓይክ የሚጠቀመው ብሩስ ሊ የመሠረተውን ጂት ኩን ዶ የተባለ የትግል ስልት ነው። ካሜራው ሰውነቱን ከእግር እስከ ራስ ስለሚያሳየው እያንዳንዱ ምት ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ ይታያል። በእጅ በግልጽ የፕላስቲክ ሴል ላይ ተስሎ የተቀባ ሥራ በመሆኑ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሰዓት ተከፍሎበታል፤ ለዚህም ነው እንቅስቃሴ የማያስፈልግበት ቦታ ላይ ሳያፍር ዝም ብሎ የሚቆመው።

ሳይነገር የቀረው

ከ26ቱ ሴሽኖች ስለ ስፓይክ ያለፈ ሕይወት በቀጥታ የሚተርኩት አምስት ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት በራሳቸው የቆሙ አጫጭር ታሪኮች ናቸው፤ አንዱ አስፈሪ፣ አንዱ ቀልድ፣ አንዱ የጭነት ነጂዎች ታሪክ። ይህ አደረጃጀት ዛሬ ሰው ካለመደው በቀር ያለ አቅጣጫ የሚዋልል ይመስላል። ጥቅሙ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በየሳምንቱ አብረው የሚራቡትን አምስቱን፣ ልጅቷን ኤድንና «አይን» የተባለውን ውሻ ጨምሮ፣ ሳናስበው እንለምዳቸዋለን። እነርሱ ግን ቤተሰብ ነን ብለው አንድም ቀን አይናገሩም።

በ24ኛው ሴሽን ይህ ልምድ ይበተናል። ፌይ ትዝታዋ ተመልሶላት የልጅነት ቤቷን ፍለጋ ትሄዳለች፤ ፍርስራሽ ብቻ ነው የቆየላት። መሬት ላይ አልጋዋ የነበረበትን ቦታ በዱላ ትሥልና እዚያ ላይ ትተኛለች። ኤድ አባቷን ተከትላ መርከቡን ትለቃለች፤ ውሻውም ከእርሷ ጋር ይሄዳል። ስፓይክና ጄት ለሁሉም ተብሎ የተቀቀለ እንቁላል ፊት ተቀምጠዋል። አይነጋገሩም። የሄዱትን ድርሻ ጭምር አፋቸው እስኪሞላ ይጎርሳሉ፣ እንደ ተናደደ ሰው። ከጀርባ አንድ ዘፈን አለ፤ ሌላ ምንም የለም።

በጃፓን ሥዕላዊ ፊልም ታሪክ ውስጥ ስለ መለየት ከተሠሩት ትዕይንቶች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። የሚሠራው ግን የመጀመሪያውን ሴሽን ሥጋ አልባ ጥብስ ላየ ሰው ነው። ያኔ ምግቡ አልበቃም፤ አሁን ተርፏል።

«ቅጥ ብቻ ነው» የሚለው ትችት

ትችቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ቪሸስ ጥቁር ልብስና ሰይፍ ከመሆን ብዙ አያልፍም፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚያስረዳ ክብደት አልተሰጠውም። ጁሊያ፣ ያቺ ወርቃማ ፀጉር ያላት ሴት፣ ከሰው ይልቅ የሁለት ወንዶች ምኞት ሥዕል ሆና ትቀራለች። የፌይ አለባበስም ከታሪኳ ጋር የሚጋጭ ነው፤ ጸሐፊዎቹ በጥንቃቄ የገነቧትን ሴት ካሜራው ደጋግሞ እንደ ጌጥ ያያታል። በዚህ ነጥብ ተከላካዮቹ «ዘመኑ ነው» ብለው ማለፋቸው በቂ መልስ አይመስለኝም።

ትችቱ የሚሳሳተው ግን ከዚህ ተነሥቶ ቅጡን ከሐሳቡ ሲለይ ነው። ስፓይክ ሱፉን ለብሶ ትከሻውን ጥሎ መሄዱ፣ ሞት ፊት ለፊት ሲመጣ መቀለዱ ለማማር ብቻ አልተደረገም። አንድ ዐይኑ ሰው ሠራሽ ነው፤ በመጨረሻው ሴሽን ለፌይ እንደሚነግራት በአንዱ ዐይን ያለፈውን፣ በሌላው የአሁኑን ያያል። ሕይወቱን እንደ ሕልም እየቆጠረ የኖረ ሰው ግድ የለሽነት ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ተከታታዩ በዚያ ውበት አስገብቶን የኋላ ኋላ በሽታ መሆኑን ያሳየናል። ለወጣት ተመልካች መሳቡም፣ ከዓመታት በኋላ ለተመለሰ ሰው ሌላ ፊልም ሆኖ መታየቱም ከዚህ ይመጣል።

የ2021ዱ ሙከራ

ኔትፍሊክስ ኖቬምበር 19 ቀን 2021 በተዋንያን የተሠራውን ካውቦይ ቢቦፕ በአሥር ክፍሎች አቀረበ። ስፓይክን የተጫወተው ጆን ቾ ነው። ሱፉ አለ፤ መርከቧ አለች፤ ዮኮ ካኖ ራሷ ተመልሳ ሙዚቃውን ሠርታለች። በዲሴምበር 9 መሰረዙ ተነገረ፤ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ዋታናቤ በኋላ እንደገለጸው የመክፈቻውን የቁማር ቤት ትዕይንት ካየ በኋላ መቀጠል አልቻለም።

ምክንያቱን በተመለከተ ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው ጥፋቱን ለአሮጌው ደጋፊዎች ጥብቅነትና ለኩባንያው ትዕግሥት ማጣት ይሰጣል። ተዋንያኑ መልካም እንደነበሩ የሚመሰክሩ ብዙዎች ስለሆኑ ይህ ሐሳብ በከፊል ያሳምናል። ሁለተኛው፣ ለእኔ የሚያመዝነው፣ ችግሩን በአተራረኩ ውስጥ ያየዋል። ዋናው አኒሜ አብዛኛውን ታሪክ በ24 ደቂቃ ይጨርስ ነበር። አዲሱ በረዘመው ጊዜ ውስጥ ዋናው የተወውን ዝምታ ሞላው፦ የቪሸስና የጁሊያ ግንኙነት በየክፍሉ ተዘረዘረ፣ ጄት ልጅ ተጨመረለት፣ ሰዎቹ የሚሰማቸውን ለመናገር ረጅም ንግግር ተሰጣቸው። ልብሱ በትክክል ተሰፍቷል፤ ተመልካቹ ራሱ ሊሞላው ይገባ የነበረው ቦታ ግን ጠፋ።

ላዛረስና የሚቀጥለው

ላዛረስ በገንዘብም በስምም የከበደ ነው። የሠራው ስቱዲዮ ማፓ ነው፤ ውጊያውን በሆሊውድ የታወቀው ቻድ ስታሄልስኪ ነድፎታል፤ ሙዚቃውን ካማሲ ዋሽንግተን፣ ቦኖቦና ፍሎቲንግ ፖይንትስ ተካፍለዋል። ታሪኩ በ2052 ነው። ሃፕና የተባለ የሕመም ማስታገሻ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ፣ የፈለሰፈው ዶክተር ስኪነር መድኃኒቱ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደሚገድል ያስታውቃል፤ አምስት ሰዎች እርሱን ፈልገው ለማግኘት 30 ቀን አላቸው። ዋታናቤ ሐሳቡን ያነሣሣው በአሜሪካ በሕመም ማስታገሻ ሱስ የደረሰው ቀውስ መሆኑን ተናግሯል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከካውቦይ ቢቦፕ ይልቅ ለዛሬ ዜና የቀረበ ነው።

ነገር ግን 30 ቀን የሚቆጥር ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል ፍለጋውን የማስቀጠል ግዴታ አለበት። የአምስቱ ሰዎች ያለፈ ሕይወት በየተራ ይነካካል፤ ሩጫው ግን ቀድሟቸው ይሄዳል። ውጊያው ከቀድሞው የበለጠ የተዋጣ ሆኖ ሳለ ገጸ ባሕርያቱ ከአእምሮ ቶሎ የሚወጡት፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ምክንያት ነው። አሥራ ሦስት ክፍል ስለሆነም አብሮ የመራብ ጊዜ አልተገኘም።

ስቱዲዮዎች የቆየ ስም ማንሣታቸውን እንደሚቀጥሉ መገመት አያስቸግርም፤ የታወቀ ስም ገንዘብ ለማግኘት ይቀላል። የቀድሞው ቡድን ግን እንዳለ ሊሰበሰብ አይችልም። የገጸ ባሕርያቱን ፊት የሣለው ቶሺሂሮ ካዋሞቶና ፕሮዲውሰሩ ማሳሂኮ ሚናሚ በ1998 ከሰንራይዝ ወጥተው ቦንስ የተባለውን ስቱዲዮ ከመሠረቱት ናቸው። ኬይኮ ኖቡሞቶ ዲሴምበር 1 ቀን 2021 አርፋለች፤ የኔትፍሊክሱ ሥራ መሰረዙ ከመነገሩ ስምንት ቀን በፊት።

ሁለቱን ሥራዎች ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው የላዛረስን የመጀመሪያ ክፍልና የካውቦይ ቢቦፕን 24ኛ ሴሽን በአንድ ምሽት ቢያያቸው ይበጃል። በሁለቱም የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ይያዝ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ስንት ቃል እንደተነገረ ይቁጠር።